ቱንቢ፣ ጨረቃና ሳተላይት፦ ቂብላን ሲፈልጉ ምድርን የለኩ ሰዎች

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



ባለፈው ዓመት ረመዳን በምናገለግልበት መስጂድ ውስጥ አንድ ጭቅጭቅ ተነሥቶ ነበር። መስጂዳችን ከደሴ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚገኝ፣ አባቶቻችን በድንጋይ የገነቡት ነው። የተራዊሕ ሰጋጅ በመብዛቱ ከጎኑ በብረት ምሰሶና በቆርቆሮ ማስፋፊያ ተሠራለት። የማስፋፊያውን ምንጣፍ ያነጠፉት ወጣቶች የሶፉን መስመር ያወጡት በስልካቸው ነበር። ተነጥፎ ሲያልቅ ግን የአዲሱ ክፍል ሶፍ ከአሮጌው አዳራሽ ሶፍ ጋር አልገጠመም። ልዩነቱ ማንም ሰው ቆሞ በዓይኑ የሚያየው ነበር።

ወጣቶቹ «እስከ ዛሬ የተሰገደው ወደተሳሳተ አቅጣጫ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «ሚሕራቡን ያቆሙት ዓሊሞች ናቸው፤ እናንተ ዛሬ በገዛችሁት ስልክ ልታርሙን ነው?» ብለው ተቆጡ። ሳምንት ሳይሞላ አንዳንዱ በዋናው አዳራሽ ቦታ እያለ ሆን ብሎ ማስፋፊያው ውስጥ መስገድ ጀመረ። ሌላው ደግሞ ዝናብ ቢዘንብበትም ማስፋፊያው ውስጥ አልገባም አለ። በአንድ ማዕድ ያፈጥሩ የነበሩ ጎረቤታሞች ሰላምታ አቋረጡ።

ኢማማችን ለማንም አልፈረዱም። እኛን ረዳታቸውን ጠርተው ሦስት ስልክ ይዘን ማስፋፊያው ውስጥ አንድ ቦታ ላይ እንድንቆም አዘዙን። ሦስቱ ስልኮች ሦስት የተለያየ አቅጣጫ አሳዩ። ፈገግ አሉና «አሁን ሂዱና የቀደሙት ሰዎች ይህን ነገር እንዴት እንደለኩት አንብባችሁ ንገሩን። ሳናውቅ አንጣላ» አሉን። ይህ ጽሑፍ ያኔ ያነበብነውና ከዚያ በኋላ ያየነው ነው።

🔹 የመጀመሪያዎቹ ሚሕራቦች

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ ሲሰግዱ መካ ወደ ደቡብ ነበረች። ለመዲና ሰው በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ያለው አቅጣጫ ቂብላ መሆኑን የሚያመለክት ሐዲስ ቲርሚዚ ዘግበዋል። ሶሓቦች ወደ ሻም፣ ወደ ግብፅና ወደ ዒራቅ ሲወጡ በእጃቸው የማዕዘን መለኪያም ሆነ የከተሞች ሠንጠረዥ አልነበረም። የሚያውቁት ሰማዩን ነበር። ፀሐይ በበጋና በክረምት የምትወጣበትን፣ ቁጥብ የምንለው የሰሜን ኮከብ የሚቆምበትን፣ ሱሀይል የሚባለው ብሩህ ኮከብ የሚወጣበትን ያውቁ ነበር። በእነዚህ ተመርተው መስጂድ ሠሩ።

በግብፅ ፉስጣጥ ላይ ዐምር ኢብኑል-ዓስ (ረ.ዐ) የሠሩት መስጂድ አቅጣጫው የክረምት ፀሐይ ከምትወጣበት ጋር የተያያዘ ነው። በአንደሉስ የቆርዶባ ታላቅ መስጂድ ደግሞ ከምሥራቅ ይልቅ ወደ ደቡብ ያደላ ነው። ሁለቱም ዛሬ በስሌት ከሚወጣው መስመር በብዙ ዲግሪ ይለያሉ። ይህን ሲሰማ የሚደነግጥ ወጣት አለ፤ በፊቅህ ግን መልስ ያለው ጉዳይ ነው። ከካዕባ ሩቅ ያለ ሰው ግዴታው ራሱን ካዕባን ማግኘት ነው ወይስ አቅጣጫውን? በሻፊዒያ ዘንድ ሚዛን የደፋው የመጀመሪያው ሲሆን፣ ሐነፊያና ማሊኪያ አቅጣጫውን መያዝ በቂ ነው ይላሉ።

አንድ ቀላል ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከደሴ እስከ መካ በቀጥታ 1,140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት ላይ የ1 ዲግሪ ስሕተት መድረሻውን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ያስተዋል። ሰው ደግሞ ሶፍ ላይ ሲቆም በትከሻው ብቻ 1 ዲግሪን መለየት አይችልም። ስለዚህ ቀደምቶቹ በአቅማቸው ፈልገው ያገኙትን ይዘው ሰግደዋል። ግን «ይበቃናል» ብለው መፈለግ አላቆሙም። የታሪካችን ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

🔹 የሲንጃር ሜዳ

የአንድን ከተማ ቂብላ በስሌት ለማውጣት የዚያን ከተማና የመካን ቦታ በምድር ላይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማለትም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ስንት ዲግሪ እንደሚርቁ፣ በምሥራቅና በምዕራብም በመካከላቸው ስንት ዲግሪ እንዳለ። ይህን የመሰለ ዕውቀት ከግሪኩ በጥሊሞስ መጽሐፍና ከሕንድ ሊቃውንት ተወርሷል። ሙስሊሞቹ ግን የወረሱትን እንዳለ አልተቀበሉም።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን በበግዳድ ኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ሊቃውንት «በምድር ላይ አንድ ዲግሪ ስንት ማይል ነው?» ብለው ጠየቁ። መጽሐፍ ውስጥ የተጻፈ መልስ ነበረ። እነርሱ ግን በዛሬዋ ዒራቅ ሰሜን ወደሚገኘው ወደ ሲንጃር ሜዳ ወጡ። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ተመረጠ። ከአንድ ቦታ ላይ የሰሜን ዋልታውን ከፍታ ለኩ፤ ከዚያም አንዱ ቡድን ገመድና ችካል ይዞ በቀጥታ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ሄደ። ከፍታው በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ ቆሙና የተጓዙትን ርቀት ቆጠሩ። በመጽሐፍት የተመዘገበው ውጤት 56 ከ2/3 የዐረብ ማይል ነው። የዐረቡን ማይል 2 ኪሎ ሜትር ያህል አድርገን ብናሰላው ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል። ዛሬ በሳተላይት የሚታወቀው ልክ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው።

በዚያው ዘመን አል-ኸዋሪዝሚ የምድርን ገጽታ በሚመለከተው ኪታቡ ከ2,400 በላይ ቦታዎችን በዲግሪ መዝግቧል። በጥሊሞስ የሜዲትራንያንን ባሕር ርዝመት 62 ዲግሪ ብሎት ነበር፤ አል-ኸዋሪዝሚ ወደ 50 ገደማ ዝቅ አደረገው። ትክክለኛው 42 ያህል ነው። ሙሉ በሙሉ አላረመውም፤ ወደ እውነቱ ግን አቀረበው። የዒልም መንገድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አንዱ አንድ እርምጃ ያስኬዳል፣ ቀሪውን ተከታዩ ይጨርሰዋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሲንጃር ቁጥር ልዩ ጥቅም አለው። መካ ከእኛ በስተሰሜን በቀጥታ ልትባል በምትችል መስመር ላይ ናት። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ መካ 21.4 ላይ። ልዩነቱ 12.4 ነው። በ111 ስናባዛው 1,376 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በስልካችን ብንፈልገውም የምናገኘው ከዚሁ ብዙ አይርቅም። በሲንጃር ሜዳ ላይ በገመድ የተለካው ዲግሪ ከቤታችን እስከ ካዕባ ያለውን ርቀት ዛሬም ይነግረናል።

🔹 ማይሉን ሳይጠይቅ የሄደው መርከበኛ

ይህ ቁጥር በአል-ፈርጋኒ ኪታብ በኩል ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ገባ። ከዘመናት በኋላ ክሪስቶፈር ኮሎምበስ እጅ ደረሰ። ኮሎምበስ 56 ከ2/3 የሚለውን ቁጥር ወደደው። ነገር ግን የዐረቡን ማይል እንደ ሮማውያን ማይል ቆጠረው። የሮማውያኑ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ምድር በስሌቱ ላይ በሩብ ገደማ አነሰችበት። ወደ ምዕራብ ቢቀዝፍ እስያ ቅርብ መሰለው። እ.ኤ.አ. በ1492 መንገዱ መሀል አሜሪካ ባትኖርለት ኖሮ ከነመርከበኞቹ ስንቅ አልቆበት በባሕር ላይ ይቀር ነበር።

ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው አንባቢው ነው። በመስፈሪያው ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ይህን እንደ ሩቅ ተረት እንዳናየው። በአገራችን የቆዩ ካርታዎች «አዲንዳን» በሚባል የመለኪያ መነሻ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ስልካችን ደግሞ የሳተላይቶቹን ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ከአሮጌው ካርታ ላይ ያነበብነውን ቁጥር ሳናስተካክል ስልክ ውስጥ ብናስገባው ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ ሊያርፍ ይችላል። የመቃብር ቦታም ይሁን የእርሻ ወሰን፣ መቶ ሜትር ለጠብ ይበቃል።

🔹 ጨረቃን እንደ ሰዓት

የሰሜንና የደቡብ ልክ በኮከብ ይታወቃል። አስቸጋሪው የምሥራቅና የምዕራብ ልክ ነው። ምድር በ1 ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት ያወቀ ሰው፣ በመካከላቸው ያለውን ዲግሪ ያውቃል። ታዲያ ስልክም ሬዲዮም በሌለበት ዘመን፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተራርቀው ያሉ ሁለት ሰዎች «አሁን» የሚሉትን ቅጽበት በምን ይስማሙበታል?

በጨረቃ ግርዶሽ ነው። ጨረቃ ስትጨልም ለሚያያት ሰው ሁሉ በአንድ ቅጽበት ነው የምትጨልመው።

እ.ኤ.አ. በ997 ግንቦት ላይ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ በኸዋሪዝም፣ ካስ በምትባል ከተማ ነበር። ዕድሜው 23 ነው። ከተማዋ ያለችው በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን ሲሆን አሁን በስሙ ትጠራለች። በበግዳድ ደግሞ በዕድሜ የገፋው የሒሳብ ሊቅ አቡል-ወፋእ አል-ቡዝጃኒ አለ። ሁለቱ ቀጠሮ ይዘው ያንኑ የጨረቃ ግርዶሽ ተመለከቱ፤ እያንዳንዱም በከተማው ሰዓት አቆጣጠር መዘገበ። መዝገባቸው ሲነጻጸር ልዩነቱ የ1 ሰዓት ያህል ሆነ። በዚህም የሁለቱን ከተሞች ርቀት በዲግሪ አወቁት። አቡል-ወፋእ በቀጣዩ ዓመት ሞተ። የ23 ዓመቱ ወጣትና ሽማግሌው፣ ከአንድ ጣሪያ ሥር ሳይሆኑ፣ አንድ ሰማይ አይተው ተስማሙ። ከመስጂዳችን ጭቅጭቅ አንጻር ይህን ስናነብ ማፈራችንን አንደብቅም።

አል-ቢሩኒ በኋላ ወደ ገዝና (በዛሬዋ አፍጋኒስታን) ተወሰደ። እዚያም ስለ ከተሞች ቦታ አወሳሰን ሰፊ ኪታብ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1025 ጨረሰው። ኪታቡ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ የገዝናን ቂብላ በትክክል ማወቅ ነበር። ከበግዳድ እስከ ገዝና የነጋዴዎች መንገድ የሚያልፍባቸውን ከተሞች አንድ በአንድ ወስዶ አሰላ። በአንድ መንገድ አግኝቶ አላቆመም፤ በሌላ መንገድ ደግሞ አስልቶ ውጤቱን አነጻጸረ።

በዛሬዋ ፓኪስታን ናንደና በሚባል ምሽግ አጠገብ ሳለ ደግሞ ከፊቱ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ከኋላው ተራራ አገኘ። የተራራውን ቁመት በማዕዘን ለካ። ከዚያም ጫፉ ላይ ወጥቶ፣ አድማሱ ከዓይኑ ትይዩ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለካ። ያገኘው 34 ደቂቃ ነው፤ ከግማሽ ዲግሪ በጥቂቱ የሚበልጥ ማለት ነው። ከእነዚህ ሁለት ልኬቶች የምድርን ስፋት አሰላ። አል-መእሙን ብዙ ሰውና ገመድ ያሰማራበትን ሥራ በአንድ ተራራ ላይ ቆሞ ፈተነው። የፈተነው ቀደምቶቹን ለማዋረድ አልነበረም፤ የእነርሱን ቁጥር ማጣራት ክብራቸውን እንደማይቀንስ ስለሚያውቅ ነው።

🔹 የተጓዡን ቃል ማጣራት፣ የሙወቂቱ ጠረጴዛ

ካርታ በልኬት ብቻ አይሠራም፤ የሰው ምስክርነትም ይፈልጋል። አሽ-ሸሪፍ አል-ኢድሪሲ በሲሲሊ በንጉሥ ሮጀር 2ኛ ዘንድ ሆኖ ለዓመታት ተጓዦችን ጠየቀ። የተስማሙበትን ያዘ፣ የተለያዩበትን ተወ። የሐዲስን ተማሪ ይህ መንገድ አያስገርመውም። እ.ኤ.አ. በ1154 ሥራው ሲያልቅ የዓለም ካርታ የተቀረጸበት ትልቅ የብር ገበታና 70 የክፍል ካርታዎች ያሉት ኪታብ ነበር። በካርታው ላይ ደቡብ ከላይ ነው፤ ስለዚህ ሐበሻ ከላይ በኩል ትታያለች። ብሩ በኋላ በሁከት ጊዜ ጠፋ። በወረቀት የተገለበጠው ግን ዛሬም በፓሪስና በኦክስፎርድ ይገኛል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በደማስቆ የኡመያ መስጂድ «ሙወቂት» የሚባል ሹመት ነበር፤ ሥራው የሶላትን ወቅት መጠበቅ ነው። ከእነዚህ አንዱ ኢብኑ ሻጢር ሲሆን በ1371 በሚናራው ላይ ያቆመው የፀሐይ ሰዓት የታወቀ ነው። በዚያው ከተማ የነበረው አል-ኸሊሊ ደግሞ ለየዲግሪው ቂብላ የሚነግር ሠንጠረዥ አዘጋጀ። ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ቁጥሮች አሉት። ተጓዥ የከተማውን ሁለት ቁጥሮች ካወቀ ሠንጠረዡን ገልጦ ቂብላውን ያገኛል። ዛሬ የስልካችን ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ ስሌት ነው፤ ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው።

🔹 ሰው ሠራሽዋ ጨረቃ

ሳተላይት በዐረብኛ «ቀመር ሲናዒ» ይባላል፤ ሰው የሠራት ጨረቃ ማለት ነው። ስያሜው ከምናስበው በላይ ተስማሚ ነው።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የድምፁን መወፈርና መቅጠን እየተከታተሉ፣ ራሳቸው የቆሙበትን ቦታ ስለሚያውቁ፣ የሳተላይቱን መንገድ አሰሉ። ከዚያ ከመካከላቸው ጥያቄውን የገለበጠ ሰው መጣ፦ የሳተላይቱን መንገድ ካወቅን፣ የቆምንበትን ቦታ ማወቅ እንችላለን ማለት ነው? አዎ፣ ይቻላል። ዛሬ ጂፒኤስ የምንለው ነገር ዘሩ ይህ ነው። የመጀመሪያው የጂፒኤስ ሳተላይት በ1978 ወጣ፤ ሙሉ አገልግሎቱ በ1995 ተጀመረ።

አሠራሩን ልብ እንበል። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ያለማቋረጥ የሚናገረው ሁለት ነገር ነው፦ «እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱ ይህ ነው»። ስልካችን ቢያንስ የአራቱን ድምፅ ሰምቶ፣ የመልእክቶቹን መዘግየት አነጻጽሮ፣ ቦታውን ያወጣል። ሰዓቱ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት ቦታው በ300 ሜትር ይሳሳታል። አል-ቢሩኒና አቡል-ወፋእ በአንዲት ጨረቃ የሠሩት ሥራም ይህ ነበር፤ ቦታን በጊዜ ማወቅ። ጂፒኤስን የሠሩት እነርሱ ናቸው አንልም፤ እንዲህ ያለ ጉራ ለዒልም አይጠቅምም። ጥያቄው ግን ያው ጥያቄ ነው።

ሌሎች ሳተላይቶች ደግሞ ምድርን ያያሉ። ላንድሳት የተባለው የመጀመሪያው በ1972 ወጣ፤ ከ2008 ጀምሮ የላንድሳት ሥዕሎች ለማንም በነፃ ተከፍተዋል። ግብፃዊው ፋሩቅ አል-ባዝ የአፖሎ ጠፈርተኞች ጨረቃን ከላይ ሲያዩ ምን እንደሚመለከቱ ያሠለጠነ ሰው ነው፤ በኋላ ያንኑ ዕውቀት ወደ ምድረ በዳ መለሰው። በ1981 ከመንኮራኩር ላይ የተነሣ የራዳር ሥዕል በግብፅና በሱዳን በረሃ አሸዋ ሥር የተቀበሩ የጥንት ወንዞችን መንገድ አሳየ። እርሱም ይህን የመሰሉ ሥዕሎችን በበረሃ ውስጥ ውኃ ለመፈለግ ተጠቀመባቸው።

አገራችንም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ከቻይና ምድር አመጠቀች። 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን ነበረች፤ ከእንጦጦ ጣቢያ ትመራ ነበር፤ ዓላማዋ ግብርናን፣ ውኃንና የአካባቢ ለውጥን መከታተል ነው።

🔹 ግንቦት 20

ይህን ሁሉ ለኢማማችን ስናቀርብ በትዕግሥት አዳመጡን። ከዚያ «ታዲያ ስልኮቹ ለምን ተለያዩ?» አሉ።

መልሱ ይህ ነው። የስልክ ቂብላ ሁለት ነገር አጣምሮ ነው የሚሠራው። ቦታውን ከሳተላይት ይወስዳል፤ ይህ ከቤት ውጭ ከሆነ በጥቂት ሜትር ብቻ ይሳሳታል። ስለዚህ ከሰሜን ስንት ዲግሪ መዞር እንዳለብን በትክክል ያውቃል፦ ከደሴ ወደ ምሥራቅ 1፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 5፣ ከጅማ ወደ ምሥራቅ ከ11 በላይ፣ ከሐረር ወደ ምዕራብ 10 ያህል። ነገር ግን ሰሜን ራሱ የት እንደሆነ የሚነግረው ስልኩ ውስጥ ያለ ትንሽ የማግኔት መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ ብረት ሲያገኝ ይታለላል። ማስፋፊያችን ደግሞ ምሶሶው ብረት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሰሜኑ ተሳስቶ ነበር። የኮሎምበስ ነገር ነው፤ ቁጥሩን አምኖ መስፈሪያውን አለመጠየቅ።

በመጀመሪያ ማግኔት የማይነካውን መንገድ ሞከርን። የመስጂዳችንን የሳተላይት ሥዕል ከፍተን፣ የአሮጌውን ግድግዳ መስመር ወደ መካ ከተሰመረው መስመር ጋር አስተያየነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ያኔ ነው የነገሩን፤ መሠረቱ ሲጣል አባታቸው ሌሊት ወጥተው ቁጥብ ኮከብን እያዩ ችካል ሲተክሉ ልጅ ሆነው አይተዋል። በእኛ አካባቢ ቂብላ ከእውነተኛው ሰሜን በ1 ዲግሪ ብቻ ስለሚለይ ኮከቡ በቂ ነበር። ይህን ለዓመታት ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ኢማማችን ግን ሁሉም በዓይኑ እንዲያይ ፈለጉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ በቀጥታ ትቆማለች፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 19 ወይም 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ፣ እንዲሁም ሐምሌ 8 ወይም 9 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ። በዚያ ቅጽበት ፀሐይን የሚያይ ሰው የትም ይሁን ፊቱ ወደ ቂብላ ነው። ዘዴውን ናሲሩዲን አጥ-ጡሲ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። ለእርሱ ዘመን ሰው አስቸጋሪው የመካን ሰዓት ማወቅ ነበር። ለእኛ ሰዓታችንና የመካ ሰዓት አንድ ነው። ሐምሌ ላይ ደመና ስለሚበዛ ለአገራችን የግንቦቱ ይሻላል።

ግንቦት 20 ቀን ከዙህር በፊት ጀመዓው በግቢው ተሰበሰበ። አንድ ግንበኛ ወንድማችን ቱንቢውን ከእንጨት ላይ አንጠለጠለ። ፀሐይ አናት ላይ ልትሆን ጥቂት ስለሚቀራት ጥላው አጭር ነበር፤ በአንድ ሜትር ገመድ ከ20 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ጥላ ነው የሚወድቀው። 6 ሰዓት ከ18 ሲሆን አንድ ወጣት በጥላው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረ። መስመሩን በሲባጎ አስረዝመን ወደ ሁለቱም ክፍሎች ወሰድነው። የአሮጌው አዳራሽ ሶፍ ከሲባጎው ጋር ሊገጥም ጥቂት ቀረው። የማስፋፊያው ምንጣፍ ግን በግልጽ ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ነበር።

ማንም «አላልኋችሁም?» አላለም፤ ኢማማችን አስቀድመው ከልክለው ነበር። «ወጣቶቹ መጠየቃቸው ትክክል ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ያልተጣራ ነገር አለመቀበላቸው ትክክል ነበር። የሁላችንም ጥፋት ሳንለካ መጣላታችን ነው» አሉ። በማስፋፊያው የተሰገደውም ከአቅጣጫው ስላልወጣና በጥረት የተደረገ ስለሆነ እንደማይደገም አስረዱ። ከዙህር በኋላ ምንጣፉን ያነሡትም ያነጠፉትም ያው ወጣቶች ነበሩ፤ ሲባጎውን የያዙላቸው ሰላምታ አቋርጠው የነበሩት ሽማግሌ ናቸው።

🔹 ለእኛ ምን ቀረልን?

እህትና ወንድሞቻችን! አል-መእሙን ዘመን የነበረው ሰው ገመድ ይዞ ሜዳ የወጣው፣ አል-ቢሩኒ ተራራ የወጣው፣ በእጃቸው መልስ ስላልነበረ አልነበረም። መልስ ነበራቸው፤ ማጣራት ፈለጉ። እኛ ደግሞ በኪሳችን የእነርሱ ሁሉ ሕልም የሆነ መሣሪያ ይዘን ማጣራት ትተናል። መሣሪያውን ያለ ዕውቀት ማመንም፣ ያለ ዕውቀት መጥላትም አንድ ዓይነት ስንፍና ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናስታውሳችሁ። አንደኛ፣ የስልክ ቂብላ የምትጠቀሙ ከብረትና ከመኪና ራቁ፤ ከቤት ውጭ ለኩ፤ ከተቻለም በሳተላይት ሥዕል ላይ በተሰመረው መስመር አመሳክሩ። ሁለተኛ፣ መጪው ግንቦት 20 ሲደርስ በየመስጂዳችሁ ቱንቢ ስቀሉ፤ ልጆችንም ጥሩ፤ የተለየ ነገር ካያችሁ ግን በጭቅጭቅ ሳይሆን በኢማማችሁ በኩል አቅርቡ። ሦስተኛ፣ ከእናንተ መካከል ጂኦግራፊ፣ ቅየሳ ወይም የካርታ ሥራ የምትማሩ አላችሁ። ትምህርታችሁ ከዲን የራቀ አይምሰላችሁ። የቀበሌያችሁን ምንጭ፣ የጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና መንገድ በነፃ በሚሠሩት ካርታዎች ላይ ማስገባት ለታመመ ሰው መንገድ ማሳየት ነው።

በከተማችሁ ያሉ አንጋፋ አባቶችንም መስጂዳቸው ሲሠራ ቂብላው እንዴት እንደተያዘ ጠይቋቸው። የእኛዎቹ ያለፈው ዓመት ባይጠየቁ ኖሮ የዚያ ሌሊት ኮከብ ነገር ከእርሳቸው ጋር ይቀበር ነበር።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ ሶፋችንንም ልባችንንም ያስተካክልልን። ላልደረሳቸው በማጋራት ተባበሩን።

ወላሁ አዕለም።